ወርቅን በሚካ ላይ ያለሰልሱ የነበሩት የአቶ ከፍያለው አምባዬ የሕይወት ታሪክ

አቶ ከፍያለው አምባዬ ከአባታቸው ከአቶ አምባዬ ይመር እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብዙዬ አሊ በ1955 ዓ.ም. በኮምቦልቻ ከተማ ተወለዱ። ሁለተኛ ደረጃን ደሴ ጨርሰው፣ በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አዲስ አበባ፣ ሁለተኛውን ህንድ አገር አገኙ። በ1984 ዓ.ም. ከወ/ሮ ያለምወርቅ ቀለሙ ጋር በቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ጎጇቸውን ቀለሱ፤ ማቲዎስንና አቢጌልንም ወለዱ።

ከህንድ ሲመለሱ መምህራቸው የሰጧቸውን ንጹሕ የወርቅ ሽቦ ይዘው መጡ። ደሴ በሚያስተምሩበት ተቋም፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሥራ ጀመሩ። ምን ዓይነት ሥራ ለምትሉ ወገኖች፣ ሚካ የሚባል እንደ ሽንኩርት በስሱ የሚላጥ ማዕድን አለ። አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ዕቃ ውስጥ ያግሉትና ወርቅ ያተኑበታል። ወርቁ ንጹሕ ከሆነ ቅንጣቶቹ ረድፍ ይዘው ይተኛሉ፤ ከፀጉር እጅግ የሳሳ ልሙጥ ንጣፍ ይሆናል። የመጀመሪያው ሲወጣ ወ/ሮ ያለምወርቅ ፊታቸውን አዩበትና "ወይ ጉድ፣ አርጅቻለሁ ለካ!" ብለው አሳቋቸው።

ሽቦው አለቀ። ወርቅ የመግዛቱን ነገር እዚያው ተቋም የሚሠሩት አብሮ አደጋቸው፣ የሠርጋቸው ሚዜ፣ ተረከቡ። ስማቸውን ቤተሰቡ ዛሬ አይጠራም። ከዚያ ወዲህ የወጣው ሁሉ ሻካራ ሆነ። አቶ ከፍያለው ሚካውን ለወጡ፣ ሙቀቱን ለወጡ፣ በጾም በጸሎት ያዙት። ሚዜያቸውም አጠገባቸው ተንበርክከው አብረው ይጸልዩ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ክፍሉ ተዘግቶ መጋዘን ሆነ። አቢጌል ፊዚክስ ላጥና ብትል፣ "ተይ ልጄ፣ የኛ እጅ አልተባረከም" ብለው ወደ ሂሳብ አያያዝ መለሷት።

በ2015 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ የተረፈውን ወርቅ ለማስረከብ ወርቅ ሠሪው ሀፊዝ ዘንድ አስፈተኑት። ሀፊዝ ድንጋይ ላይ ፈተገውና፣ "ጋሼ፣ ወላሂ ይኼ መዳብ ገብቶበታል! ማነው እርስዎን የሸወደ?" አላቸው።

ሄደው ሚዜያቸውን ጠየቋቸው። "ተንኖ የሚያልቅን ወርቅ ማን ያየዋል ብዬ ነው" አሉ።

"እኔ አይቼዋለሁ። እያየሁ የሰደብኩት ግን የገዛ እጄን ነው" ብለዋቸው ወጡ። ቤት ገብተው አቢጌልን አስጠሩና፣ "ልጄ፣ እጃችን ጤነኛ ነው። የከለከልኩሽ በከንቱ ነው" ብለው አለቀሱ።

ኩላሊታቸው ታሞ ሆስፒታል በተኙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ስለ ይቅርታ ጠየቋቸው። "ጌታ ይርዳኝ፤ ገና አልቻልኩም" አሉ። ይቅር ብለው አረፉ ብለን ብናነብ ለጆሮ ይጥም ነበር። እሳቸው ግን ስለ ራሳቸውም ቢሆን ያልሆነ ነገር ሲወራ አይወዱም ነበርና አናነበውም።

ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና የልጅ ልጃቸው ሀሴት ከእናንተ ጋር ሆነው ይሸኟቸዋል።

እግዚአብሔር የከፍያለውን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍ። ለቤተሰቡና ለእናንተም መጽናናትን ይስጥ። እሳቸው ያልቻሉትን እሱ ይቻልላቸው።