የኅዳር በረዶ ፈተና

ለምወድሽ አክስቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ፍየሎችሽስ አሁንም እንዳስቸገሩሽ ናቸው? እኔ ተረከዜ ከመላጡ በቀር ደህና ነኝ።

«እሺ ከማለትሽ በፊት በኅዳር በረዶ አውጪና እዪው» ብለሽኝ አልነበር? ቅዳሜ ላግባሽ ያለኝን ቤያትን ይዤው ወጣሁ። መቼም የዙሪክ የኢንሹራንስ ጸሐፊ ነውና ከእግር እስከ ራሱ አዲስ ለብሷል። ሦስት ሰዓት ሙሉ የስኪ መንሸራተቻ እግራችን ላይ አስረን ዳገቱን ስንወጣ እሱ ያለከልካል፣ እኔ አፏጫለሁ።

ከጥላማው ቁልቁለት አፋፍ ስንደርስ፣ የበረዶ ናዳው አጎቴን በወሰደው ዓመት በሰጠሽኝ አካፋ፣ በረዶው ይናድ እንደሆነ ለማየት ጉድጓድ ቆፈርኩ። በረዶው ከጉልበት አያልፍም። ላዩ ነፋስ የጠቀጠቀው አዲስ፣ ታቹ የጥቅምቱ አሮጌ፤ እንደ ስኳር እርስ በርሱ አይያያዝም። ቤያት ዘግኖ ቀመሰና «አይጣፍጥም» አለኝ ቅር ብሎት።

ከዚያ የበረዶ ዓምድ ቆርጬ አካፋውን አናቱ ላይ አድርጌ በእጄ መታሁት። ሠላሳ ምት ከቻለ ደህና ነው አልኩት። በሦስተኛው ላዩ ሙልጭ ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ።

ይህን ለእናቴ እንዳትነግሪብኝ። «ይቺን ታህል በረዶ ምን ታመጣለች? ከልጅነቴ የማውቀው ቁልቁለት ነው፤ ተከተለኝ» አልኩት።

ቤያት ስኪውን አወለቀ፣ በረዶው ላይ ዘፍ አለ፣ የለውዝ ኬኩን አውጥቶ መብላት ጀመረ። «ሠላሳ ያልሽው አንቺ፣ ሦስት የቆጠርሽው አንቺ። እኔ አልሄድም፤ አንቺም አትሄጂም» አለኝ። ፈሪ አልኩት። «አዎ» ብሎ ቁራሽ ዘረጋልኝ። የከተማ ድመት አልኩት። «እሱም ነኝ፤ ይልቅ ብዪ» አለኝ። ስድብን እሺ ከሚል ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ?

በንዴት አንድ እርምጃ ወደ ቁልቁለቱ ስራመድ በረዶው ከሥሬ «ህም» ብሎ ሰመጠ፤ ከፊቴም እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ ሮጠ። በዳዴ ተመልሼ ከጎኑ ተቀመጥኩና ኬኩን ጨረስነው። በመጣንበት ስንወርድ አሥራ አራት ጊዜ ወደቀ። አንዴም አልሳቅሁበትም።

አክስቴ፣ አጎቴም እኮ ያን ቀን ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ ዓምዱን መትቶ ነበር፤ ጉድጓዱን አፋፉ ላይ አግኝተነዋል። ያጣው ከጎኑ ዘፍ የሚል ሰው ነው።

ፈተናውን ማን እንደወደቀ አንቺው ፍረጂ። ጣሪያሽ የክረምቱን በረዶ ይቻልልሽ፣ ጉልበትሽን ይማርልሽ። በሳጥን ያስቀመጥሽውን ነጭ የሰርግ ቀሚስሽንም አውጥተሽ ፀሐይ አስነኪልኝ።

ችኩሏ የእህትሽ ልጅ