ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ቁጥሮችና ሦስተኛው መሳቢያ

ለክቡር አቶ ይልማ፣
የኢንተርኔት አድራሻዎች ምዝገባና ዝውውር የሥራ ሂደት ባለቤት
ሐዋሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ፣ የደም ግፊትዎ እንደ ቢሮዎ ሥራ ረጋ ያለ፣ ስብሰባዎችዎም እንደተለመደው ረጃጅም ይሆኑልዎ ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ፤ ስሜ ሽታዬ ይባላል። በየሳምንቱ ኮሪደርዎ ላይ ቆሜ ስለሚያዩኝ የቢሮው ሠራተኛ ሳልመስልዎ አልቀርም። ከጥቅምት ጀምሮ ላስገባኋቸው ማመልከቻዎች መልስ ስላጣሁ፣ ሕዝብ ሲያነበው ምናልባት እርስዎም ያነቡት ይሆናል ብዬ ይህን በግልጽ ጽፌያለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገረው። መናኸሪያ አካባቢ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ የነበራቸው አቶ ጠሀ አብዱልሃሚድ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ተከታታይ የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥሮች ነበሯቸው፤ ኮምፒውተሮች ማን ማን እንደሆነ የሚለዩት በእንዲህ ያለ ቁጥር ነው። አቶ ጠሀ ዕድሜ ተጫጭኗቸው ማሰልጠኛውን ሲዘጉ፣ ድሮም የኢንተርኔት መስመር የሚያጋሩን እርሳቸው ነበሩና፣ ቁጥሮቹን ለክሊኒካችን በነጻ ሰጡ። በእነዚሁ ቁጥሮች የሕመምተኞቻችንን የራስና የደረት ምስል አዲስ አበባ ላለ ሐኪም እንልካለን፤ የሐኪሙ ማሽን ደግሞ ከእነዚህ ቁጥሮች በቀር ከእኛ ከተማ ለማንም በሩን አይከፍትም። ዝውውሩ እስከ ሰኔ 30 በእርስዎ ቢሮ ካልጸደቀ ለአፍሪካ አገሮች ቁጥር የሚያድለው የአህጉሩ መዝጋቢ ድርጅት ባለቤት የላቸውም ብሎ ቁጥሮቹን መልሶ ይወስዳቸዋል። ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ መመሪያዎ አመሰግናለሁ። ዝውውር ለመጠየቅ አስረካቢው ድርጅት መዘጋቱን የሚገልጽ ማስረጃ ያስፈልጋል ተባልን፤ ማስረጃውን ለማግኘት ደግሞ የድርጅቱን ክብ ማህተም ለቢሮዎ መመለስ ያስፈልጋል ተባልን። አቶ ጠሀ ሕግ አክባሪ ናቸውና መለሱ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። ከዚያ የዝውውር ቅጹ ሲሰጠን ግርጌው ላይ «የአስረካቢው ድርጅት ክብ ማህተም» የሚል ባዶ ቦታ አገኘን። ማህተሙ ያለው ከወንበርዎ በስተቀኝ ባለው ካቢኔ፣ ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ሲቆለፍበት በዓይኔ አይቻለሁ። የተዘጋ ድርጅት ማህተም ግን አይመታም፤ ማህተም የሌለው ቅጽ ደግሞ አይጸድቅም። አቤት ብልሃት! ባለሙያዎ በደግነት ያቀረበልን መፍትሔ፣ የሰባ አራት ዓመቱ አቶ ጠሀ ማሰልጠኛውን እንደ አዲስ ከፍተው፣ አዲስ ማህተም አስቀርጸው፣ ቅጹ ላይ መትተው፣ በማግሥቱ መልሰው እንዲዘጉት ነበር። እርሱንም ባልጠላነው፤ ነገር ግን አዲስ ድርጅት የአሮጌውን ቁጥር ማስተላለፍ አይችልም የሚለውም ያው የእርስዎ መመሪያ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ መስክ ምልከታው። ቁጥሮቹን «በአካል ለማረጋገጥ» ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ በመኪና ወደ መናኸሪያ ልከውልናል። ማሰልጠኛው የነበረበት ቤት ዛሬ የፕላስቲክ ጫማ መሸጫ ነው። ኮሚቴው ጫማዎቹን በጥሞና ተመልክቶ፣ ባለሱቋን ኡሙልኸይርን አስፈርሞ፣ «ቁጥሮቹ በቦታው አልተገኙም» የሚል ቃለ ጉባኤ ይዞ ተመለሰ። ወይ ጉድ! ኡሙልኸይርማ አዝናልን፣ ባገኘችኝ ቁጥር የጠፋባችሁ ዕቃ ተገኘ ወይ እያለች ትጠይቀኛለች።

ሦስተኛው ላይ ስደርስ ቀልዱ አፌ ላይ ይመርረኛል። በጥር ወር፣ ጉዳዩ እስኪጣራ በቁጥሮቹ ከመጠቀም እንድንታቀብ የሚል ደብዳቤ ጻፉልን። ታቀብን፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ። በዚሁ መካከል ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ የሚያጸዱት ወይዘሮ ከበቡሽ አዳልጧቸው ወደቁና ራሳቸውን ተመቱ። ሐኪማችን የአዲስ አበባው መንገድ መንገጫገጭ ይጎዳቸዋል ብሎ ስለፈራ፣ ምስሉን በሲዲ ገልብጠን በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ላክን፤ አውቶቡሱም ሞጆ ላይ ተበላሸ። ራሳቸው ውስጥ ደም መፍሰሱን የሚነግረን መልስ በአራተኛው ቀን መጣ፤ በኢንተርኔት ቢሆን ከምሳ በፊት በደረሰን ነበር። ነፍሳቸው ተርፋለች፣ ተመስገን። ቀኝ እጃቸው ግን ከዚያ ወዲህ ቢላዋ አይጨብጥም። እኚህ ሴት አንድ ፊርማ በሚፈረምበት ጊዜ አንድ ዓሣ አጽድተው ይጨርሱ ነበር፣ በእርግጥ ፊርማው የእርስዎ ከሆነ አንድ ጀልባ ሙሉ። ደብዳቤዎን አክብሬ ምስል የሚልከውን ማሽን በገዛ እጄ ያጠፋሁት እኔ ነኝና ወይዘሮ ከበቡሽን ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ። በእርስዎም እናደዳለሁ፤ ይህን በትሕትና ልሸፍነው ብሞክር አልሆነልኝም።

አራተኛም ነበረኝ። በርዎ ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር ዝውውር በአርባ አምስት ደቂቃ እንደሚያልቅ ይናገራል፤ ሰባት ወር ሙሉ ስላነበብኩት በቃሌ ይዤዋለሁ። ባለሙያዎችዎ አንድ ለአምስት ተደራጅተው ስለ ቅልጥፍና ሲወያዩም ከውጭ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ውይይቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጅቶ ለቀጣዩ ሳምንት ተላልፏል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእኛ ፋይል ግን ገና ቅርፊቱን አልሰበረም።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። መሳቢያውን ይክፈቱልን። ሌላ ወይዘሮ ከበቡሽ በሲዲ ሞጆ ላይ እንዳትቀር።

የኮሪደርዎን ግድግዳ ተደግፋ የኖረች፣ የቻርተርዎ የዘወትር አንባቢ፣ ነገ ተመለሽ ስትባል አንድም ቀን ያልቀረች፣

ሽታዬ ገብረጻድቅ
ግንቦት 2007 ዓ.ም.፣ ሐዋሳ

ግልባጭ፦
ለአቶ ጠሀ አብዱልሃሚድ፣
ለኡሙልኸይር ጫማ መሸጫ (ቁጥሮቹ ከጫማዎቹ መካከል ከተገኙ እንድታሳውቀን)

ሳልረሳው፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የአቶ ጠሀን የድሮ መዝገብ ሳገላብጥ አንድ ነገር አገኘሁ። ከአምስት ዓመት በፊት፣ ከእርስዎ በፊት የነበሩት ኃላፊ ከሁለት መቶ ሃምሳ ስድስቱ ቁጥሮች አሥራ ስድስቱን ለቢሮው በቃል ተውሰው ኖሯል፤ ቅጽ የለ፣ ማህተም የለ፣ የመስክ ምልከታ የለ። የቢሮዎ ኢንተርኔት እስከ ዛሬ የሚሠራው በእነርሱ ነው፤ እኛ ማሽናችንን ባጠፋንባቸው ዘጠኝ ቀናትም ሲሠራ ነበር። ሰኔ 30 የእርስዎም ይቆረጣልና፣ አሳቢ ዜጋ ስለሆንኩ አሥራ ስድስቱ ወደ ቢሮዎ የሚዛወሩበትን ቅጽ ሞልቼ አያይዤልዎታለሁ። የጎደለው የአስረካቢው ክብ ማህተም ብቻ ነው። እንግዲህ ለራስዎ ሲመቱ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ከሥሩ ያለውን የእኛንም ቅጽ አንዴ ይምቱልን።