ሲቆም ነው የሚከብደው

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣

እንዴት ከረሙ አባቴ? ሳልዎ ጋብ አለልዎ? ቆላው ተስማማዎት ወይ? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ከነቤተሰቤ ደህና ነኝ፤ ወንድሜ ሴቬሮም ደህና ነው። ደህና ነን ብዬ ግን ልደብቅዎ አልቻልኩም፤ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። ፈርቻለሁ አባቴ።

እርስዎ ያስረከቡኝን የአሳንሰሩን እጀታ እስካሁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ወደ ማዕድኑ ጉድጓድ የሚወርደውም የሚወጣውም በእኔ እጅ ነው፤ ሴቬሮም ጭምር። አዲሱ የማዕድን ማኅበራችን ሊቀመንበር ዶን ኤሌውቴሪዮ ግን ቶሎ አውርድ፣ ቶሎ አቁም እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። የብረት ገመዱ አርጅቶ አንዳንድ ክሮቹ ተበጥሰዋል። ይህን ብነግረው «ገመዱ አሥር ሰው ይችላል። አሥር ሰው ደግሞ ቢሮጥም ቢያዘግምም አሥር ሰው ነው! ምን ያንቀጠቅጥሃል?» ብሎ በሰው ፊት ሳቀብኝ።

ነገሩ አላስችል ቢለኝ አንድ ጠዋት እጀታውን ለሊቀመንበሩ የወንድም ልጅ ለኒካኖር ሰጥቼ ራሴ ከሠራተኞቹ ጋር አሳንሰሩ ውስጥ ገባሁ። የባለቤቴን ባለ ቀስት የድንች መሸጫ ሚዛን ከጣሪያው ላይ አንጠልጥዬ አንድ ከረጢት ድንች ሰቀልኩበት። «ዜኖን፣ ድንቹን ለአጎታችን፣ ለጉድጓዱ ሰይጣን ልትሸጥለት ነው እንዴ? እሱ እኮ የምናቀርብለትን ሲጋራ እንጂ ድንች አይቀምስም!» እያሉ አላገጡብኝ።

መውረድ ስንጀምር ሆዳችን ተንሳፈፈና እንደ ልማዳቸው ሁሉም አማተቡ። ሚዛኑን ባየው ድንቹ ቀልሏል። ፍጥነቱ እኩል ሲሆን ወደ ልኩ ተመለሰ። ኒካኖር ፍሬኑን ሲይዝ ግን ጉልበታችን ታጠፈ፣ የሚዛኑም ቀስት ከልኩ አልፎ ሄደ። ድንቹ ያው ድንች ነው፤ ማንም አልጨመረበትም። ሰዎቹ ደረስን ብለው ይሳሳቃሉ፣ እኔ ዓይኔን ከቀስቱ አልነቀልኩም። ለካ ስንፈራ የኖርነው ገመዱ በሚያርፍበት ሰዓት ነው! ገመዱ የሚጨነቀው እኛ ሲከብደን ነው፤ ወርደን ስንቆም፣ ደግሞም ለመውጣት ስንነሳ። በቶሎ በቆምን ቁጥር ይብስበታል። እርስዎ «እንደተኛ ሕፃን አስቀምጣቸው» ይሉኝ የነበረው አሁን ገባኝ።

ለዶን ኤሌውቴሪዮ ሄጄ ብነግረው «ሚዛንህ ሰክሯል። ከፈራህ ኒካኖር ይይዘዋል» አለኝ። እኔ ብለቅ ኒካኖር የታዘዘውን ያደርጋል። ስለዚህ እየተሰደብኩም ቢሆን ቀስ አድርጌ አቆማለሁ። ሰኞ በስብሰባ ይወስኑብኛል። እጀታውን ከወሰዱብኝ ለሴቬሮ ሥራውን ተው ብለው ይጻፉለት። እኔን «አንተ ፈሪ!» ብሎኛል፣ የእርስዎን ቃል ግን አይጥልም።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ይህን ወረቀት ግን አያንብቡላት። እህቴን ፊልቤርታን ከነባለቤቷ፣ አክስቴን ቶማሳንም ሰላም ይበሉልኝ።

አባቴ፣ ጠዋት ጠዋት ፈረቃው በሚወርድበት ሰዓት እንደሚጸልዩልን አውቃለሁ። ከእንግዲህ መውረድ ስንጀምር አይጸልዩ። ትንሽ ይቆዩና፣ ስንቆም ይጸልዩልን።

ልጅዎ ዜኖን

ከማዕድኑ ሰፈር፣ ኦሩሮ፣ ቦሊቪያ
ነሐሴ 6 ቀን 1988