የቦራ ድርሻ

ጥር ፲፫ ቀን ፲፰፻፸፯ ዓ.ም.

ድምፄ ተዘግቷል። ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ስንዘምር ሰንብተን ዛሬ ብናገርም የሚወጣው ፉጨት ነው። የአንኮበር ብርድ ደግሞ አጥንት ይሰረስራል። ለፊታውራሪ የሺጥላ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ከወረቀቱ የተረፈችውን ይህችን ለራሴ ቆርጬ አስቀረሁ። ሌብነት ነው? ይሁን።

አልታየች ትናንት ከፊታውራሪ ወጥ ቤት የመጣችው መሽቶ ነው። የቃና ዘገሊላው ግብር እሷን ነው የገደላት። ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው? ብላት፣ "ደክሞኝ ነው" አለች። ሚስቴን አውቃታለሁ፤ ሲደክማት ትነጫነጫለች እንጂ ዝም አትልም። ውሻችን ቦራ እግሯ ሥር ተኛ። እኔም ተኛሁ።

ጥር ፲፭

የፊታውራሪ ውሻ ነብሮ ታሟል። ያ ጥጃ የሚያክል ውሻ መቆም አቃተው፣ ድዱ እንደ ጥጥ ነጣ፣ ሽንቱ ደም መሰለ አሉ። ለውሻ ይህ ሁሉ ሁካታ! ብዬ ሳቅሁ። ምን አሳቀኝ?

ከሰዓት በኋላ ሁለት አሽከሮች መጥተው አልታየችን ወሰዷት። ነገሩን የጎነጎነው ግብር አስተናባሪው አጋፋሪ ታመነ ነው። ፊታውራሪን እንዲህ አላቸው አሉ፤ "ነብሮ የሚበላው ከጌታዬ ገበታ የተረፈውን ነው። ውሻው ደም ከሸና፣ ጌታዬስ የበሉት ምንድን ነው?" ፊታውራሪ ወዲያው ሆዳቸውን ያዙ። እስከ ዛሬ ጠዋት ደህና የነበረ ሆድ!

መርዝ... ወጡን የሠራችው የኔ ሚስት። ባሏ ደግሞ ደብተራ፣ ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ። ሌላ ማን ይጠረጠር?

ጥር ፲፮

እግር ብረት አግብተውባታል። ጎተራው ውስጥ ነው ያስቀመጧት። ጠባቂው አዘነልኝና አስገባኝ።

"ለውሻው ምን ሰጠሽው?"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ነብሮ ከሞተ እኮ አለቀልሽ።"

"ለማንም እንዳይናገሩ ይማሉልኝ።"

ማልኩ።

ቁሌት ነው። ለግብሩ የጣደችው አንድ ድስት ሙሉ ሽንኩርት አረረባት፤ ነጭ ሽንኩርቱም በርበሬውም ቅቤውም ከገባበት በኋላ። ሰው ሳያይ ለነብሮ ገለበጠችለት። እሱም ልሶ ጨረሰ። ለጌታው ገበታ ሌላ ድስት ጣደች። በቃ፣ ይኸው ነው።

"ታዲያ ተናገሪዋ!"

"አልታየች ቁሌት አሳረረች ይበሉኝ? ዕድሜዬን በሙሉ ከእሳት ፊት ቆሜ? ብረቱ ይሻለኛል።"

አብዳለች። ለአንድ ድስት አንገቷን ልትሰጥ!

ግን ደግሞ... ሽንኩርት ውሻን ያሳምማል? ሰምቼ አላውቅም። ውሻ ምን የማይበላው አለ? ቤት ገብቼ የሥሮቼን ከረጢት ፈታሁ፤ የጎደለ ካለ ብዬ። የጎደለ የለም። ሚስቴን ጠረጠርኩ... እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጥር ፲፯

መሐላዬን አፈረስኩ። ፊታውራሪ እግር ላይ ወድቄ ሁሉን ተናገርኩ። ሰዉ ሳቀ። አልታየችን አምጥተዋት ስለነበር ሳቁን ሰማች። አንገቷን ደፋች፣ እኔንም አላየችኝም።

አጋፋሪ ብቻ አልሳቀም። "ሽንኩርቱን ሁላችንም በልተናል" አለ። "ውሻውን ብቻ ለይቶ ያዘው? ያረረው ድስት ውስጥ ሌላ ነገር ብትጨምርበትስ? ለጌታዬ ያሰበችውን መጀመሪያ በውሻ ሞክራ ቢሆንስ?"

ብልህ ነው፣ መብረቅ ይምታውና። ፊታውራሪ እንደገና ሆዳቸውን ያዙ።

አፌ ቀደመኝ። "እዚሁ፣ ጌታዬ ፊት፣ ቁሌት ተሠርቶ ይረር። ሽንኩርቱም ቅቤውም ከጌታዬ ቤት ይሁን። እኩሌታውን አጋፋሪ ይብሉት፣ እኩሌታውን ውሻ ይብላው። ሰው ደህና ሆኖ ውሻ ከታመመ፣ ጥፋቱ የምግቡ እንጂ የሚስቴ አይደለም።"

ፊታውራሪ ሆዳቸውን ለቀቁ።

"የማን ውሻ?"

ሁሉም እኔን አየኝ።

"የኔ" አልኩ።

ጥር ፲፰

ከቅዳሴ መልስ ተሠራ። አጋፋሪ ታመነ ያረረ ሽንኩርት ሲውጥ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

ቦራ ግን ደስ አለው። ከደብተራ ቤት ቅቤ መቼ ቀምሶ ያውቃል? ጅራቱን እየቆላ በላ። ትንሽ ሲቀረው ተወት አደረገና ቀና ብሎ አየኝ። ፊታውራሪ፣ "ይጨርሰው" አሉ። የቀረውን በእጄ አጎረስኩት።

ፍርዱም ተነገረ። ነገ የሚገባው የሦስት ቀኑ የነነዌ ጾም እስኪፈታ ይጠበቃል። እስከዚያ ውሻው ካልታመመ አልታየች ትሞታለች።

ጥር ፲፱

ቦራ ደህና ነው። የጎረቤት ድመት ሲያባርር ዋለ።

ጥር ፳

ዛሬም ደህና ነው። እህል ጠየቀኝ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሁሉ ምሕረት ይለምናል። እኔ ብቻ ውሻዬ ይታመም እያልኩ እሰግዳለሁ። እንዲህ ያለ ጸሎት ይሰማል? ከቡችላነቱ ጀምሮ ደጄን ከጅብ የጠበቀ ውሻ... ታመም፣ ቦራ። በእናትህ ታመምልኝ። ባይሰማኝስ? ቢሰማኝስ?

እህል አልወርድ አለኝ። ጾም ነው ብዬ ሰው አታለልኩ።

ጥር ፳፩

ጠዋት ጠራሁት፣ አልተነሣም። ጅራቱን ብቻ አንቀሳቀሰ። ድዱን ገልጬ አየሁ፤ ነጭ። አቅፌ ደጅ አወጣሁት፣ ሸና... ቀይ።

እልል አልኩ። ወንድ ልጅ እልል ይላል? አልኩ። እልል እያልኩ አለቀስኩ። ከዚያ ትከሻዬ ላይ አድርጌው የፊታውራሪን ዳገት ወጣሁ። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ቶሎ ቶሎ ይል ነበር።

ፊታውራሪ ቦራን አዩት፣ ደግሞ አጋፋሪን አዩት። አጋፋሪ እንደ ሰንጋ ጤነኛ ነው።

"ፍቷት" አሉ።

ነብሮም ዛሬ ተነሥቶ ውሃ ጠጥቷል።

ጥር ፳፪

አልታየች ቤቷ ናት። ብረቱ ቁርጭምጭሚቷን ልጦታል። ታስራ ሳለ ደጄን ያልረገጠ ጎረቤት ሁሉ ዛሬ መጥቶ "እኛም ብለን ነበር" ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

እኔን አታናግረኝም። መሐላው ነው። ቦራ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ጨው እንኳ የሌለው የሥጋ መረቅ በጣቷ ታስልሰዋለች። ፊታውራሪ ወደ ወጥ ቤቷ ትመለስ ብለው ላኩባት። "ቁሌት የምታሳርር ሴት ምን ታደርግላቸዋለች?" ብላ መልእክተኛውን መለሰችው።

ጥር ፳፬

ቦራ ሞተ። ሽማግሌ ነው፣ እንደ ነብሮ አልቻለውም። ጓሮ ቀበርነው።

አፈሩን ስንመልስ አልታየች ተናገረች። "ሲያጎርሱት ዓይኑን አይተውት ነበር?"

"አይቼዋለሁ" አልኳት።

ውሃ አምጥታ እጄን አስታጠበችኝ።

ጥር ፳፱

ዐቢይ ጾም ሳይገባ ብዬ ጥቂት የበግ ሥጋ አመጣሁ። አልታየች ቀቀለችው። ሽንኩርቱንና በርበሬውን ሳትጨምር በፊት ሁለት ቁራጭ አወጣችና በቦራ ገል አድርጋ ለብቻው አስቀመጠች። ከዚያ እጇ ቆመ። ወደ በሩ አየች። እኔም አየሁ።

ከእስሯ ወዲህ ያየችኝ ያን ጊዜ ነው፣ ፊት ለፊት።

ገሉን አንሥቼ ሥጋውን በላሁት። ጨው የለውም።