በአሥር ሰዓት የሚዘጋ ሱቅ

ጥር 7 ቀን 1960፣ ጋምቤላ

ብዕሩን የያዘችው ባለቤቴ ዘኪያ ናት። አምና የማታ ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጠረች። እኔ ኢድሪስ አልቆጠርኩም። ሃያ ዓመት ጨውና ጨርቅ ስሸጥ ግን ያታለለኝ የለም። የምለውን ብቻ ጻፊ፣ ከራስሽ እንዳትጨምሪ አልኳት። «እሺ» አለች። እሺንም ጻፈችው።

ዛሬም እንደ ወትሮው አሥር ሰዓት ላይ ሱቁን ዘጋሁ። ጎረቤቴ ባለሱቁ ሙሐመድኑር፣ «ደንበኛ ሲመጣ አንተ ትሄዳለህ፤ እንዲህ ሆነህ መቼ ልታድግ?» አለኝ። ሽማግሌ ነኝ፣ ወዴት ነው የማድገው?

ከዘኪያ ጋር ባሮ ወንዝ ዳር ወረድን። ዓሣ አጥማጁ ኦሞት ጠብሶ ጠበቀን። በየዓመቱ መንጠቆና ሲባጎ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ደግሞ በየቀኑ ዓሣ። «ባሮ እስካለ ዓሣህ አለ» ካለኝ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። አንድ ቀን አላጓደለም።

ዘኪያ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ በላች... እንደ ልጃገረድ። ይኼን አልጽፍም አለች። ጻፊ።

ጥር 11

የወንድሜ ልጅ ሳኒ ከጅማ ደብዳቤ ላከ። የቡና መጋዘን ከፍቷል። «አጎቴ፣ ሱቁን ሽጠህ ና፣ የመጋዘኑ ግማሽ ያንተ ነው። ሥራው ቀንና ሌሊት የለውም፣ ትርፉም እንደዚያው። በሁለት ዓመት መኪና ትገዛለህ» ይላል።

መኪና... እኔ ኢድሪስ በመኪና። ምን ይለኛል? ሀብት እኮ ያምርብኛል።

ጥር 12

ለኦሞት ነገርኩት። ዓሣውን እያገላበጠ፣ «ጅማ ሄደህ ማንን ትሳደባለህ?» አለኝ።

«ሰው ሞልቷል።»

«ሰው አለ። የሚችልህ ነው የሌለው።»

ደፋር። ዘኪያ ሳቀች። ምን ትያለሽ አልኳት። «አንተ እንዳልክ።»

በሠላሳ ዓመት ትዳር እኔ እንዳልኩ ሆኖ ያውቃል እንዴ?

ጥር 14

ዓሣው ያው ነው። ዘኪያ ግን እግሯን አልነከረችም።

ጥር 16

ትናንት ለሳኒ መልስ ላስጽፍ ተቀመጥን። «ልጄ ሳኒ፣ እንመጣለን...» አልኩ። ብዕሩ ቆመ።

«ቀለም አለቀ» አለች።

ብልቃጡ ፊቴ ተቀምጧል፣ ገና ግማሽ ነው። ማንበብ እንጂ ማየት አላቃተኝም። ሠላሳ ዓመት ዋሽታኝ አታውቅም፤ ትናንት ዋሸች፣ እሱንም አልቻለችበትም። «ካለቀ አለቀ» ብዬ ወጣሁ።

ዛሬ ይኼን የምትጽፈው በዚያው ቀለም ነው። ቀና ብላ አታየኝም።

መኪናውን ፈልጌው ነበር፣ አልክድም። አሁንም ቢሆን... ይቅር። ለሳኒ ጻፊለት፦ አንመጣም፣ በርታ፣ እኛን ማየት ስትፈልግ ና፣ ዓሣ አለ።

ከነገ ጀምሮ ሱቁ በዘጠኝ ይዘጋል። ሙሐመድኑር እንደፈለገ ይሳቅ።

በይ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። እግርሽን የነከርሽበትን እንዳታልፊው።