ለካናዳ የተሳለችው እናቴ ናት

ሰኞ፣ ሰኔ 16

አሁንም የደወለው ለእማዬ ነው። ፓስፖርቱ የኔ፣ ዲግሪው የኔ፣ የምሄደው እኔ፤ የሚደወለው ግን ለእማዬ። ኤጀንቱ ብልጥ ነው። ሲቪል ኢንጂነሯ ልጅ ጥያቄ ታበዛለች። ሽሮ ሜዳ ነጠላና ጋቢ የምትሸጠው እናቷ ግን «ካናዳ» ካሏት ቀሪውን አትሰማም።

ሱቅ ውስጥ አብሬያት ነበርኩ፤ ስልኳን ድምፁን ከፍታ ያዘችው። «እናቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ኮሌጁ ልጅዎን ተቀብሏታል። ሳትዘገይ ታረጋግጥ።» እማዬ እልል አለች። ጋቢ ሲያገላብጡ የነበሩ ደንበኞችም አብረዋት እልል አሉ። የማያውቁኝ ሴቶች ናቸው። አንዷ አገላብጣ ሳመችኝ። ምን እንደምማር የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።

የፕሮጀክት ማኔጅመንት ዲፕሎማ ነው የምማረው። እኔ አልጠየቅኩትም። «ለቪዛ የሚመቸው ይሄ ነው» ተብዬ ነው።

ዛሬ ጠዋት ግን ሌላ መልስ መጥቶልኛል። ራሴ ፈልጌ፣ ራሴ ጽፌ ያመለከትኩት። ህንድ ውስጥ ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ምህንድስና፣ ማስተርስ፣ ከነስኮላርሺፑ። እስከ ዓርብ እሺ ወይም እምቢ በይ ይላል። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቀኑን ሙሉ ጋቢ ሳጥፍ ዋልኩ። አልተናገርኩም። ፈሪ!

ያን ጊዜ መሬት ሲንቀጠቀጥ የምሠራበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ። ሠራተኛው ሁሉ ሮጦ ወጣ። በማግስቱ ግድግዳው ላይ ስንጥቅ አየሁና አለቃዬን «ሰው ይግባበት ወይስ አይግባበት?» አልኩት። «እግዜር ያውቃል» አለኝ። እግዜርማ ያውቃል። እኔ የምፈልገው ከእግዜር ሌላ አንድ የሚያውቅ ሰው እንዲኖር ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ተናገርኩ።

የሰኔ ጾም ላይ ነን። እማዬ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አትቀምስም፤ ባዶ ሆዷን ደግሞ አትነካም። ስለዚህ ሽሮዋን በልታ እጇን እስክትታጠብ ጠበቅኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

«ህንድ?» አለች። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ካናዳ እያለልሽ ህንድ?»

ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ላቦራቶሪው። አቋረጠችኝ። ተነስታ ቁም ሳጥኑን ከፍታ በፌስታል የተጠቀለለ ረጅም ነገር አወጣች። ጃንጥላ። የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ፣ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያው ወርቃማ ዘርፍ።

ተስላ ነበር። «ልጄን ካናዳ ከተቀበሉልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብላ፣ ለእንጦጦ ማርያም። እኔ አላውቅም። መልሱ ሳይመጣ ጃንጥላውን ገዝታዋለች፤ ያን ያህል ታምናለች።

«እመቤታችን የለመንኳትን ሰጠችኝ። አንቺ ደግሞ የሰጠችኝን ፊቷ ላይ ልትመልሺ ነው?»

«ለካናዳ የተሳልሽው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁም!» አልኳት። ጮኼ ነው ያልኩት። ጃንጥላው መካከላችን አልጋው ላይ ተጋድሟል።

አባዬ እዚያው ጓዳ ሸማ ሲሠራ ነበር። የመወርወሪያው ድምፅ ቆመ። ጥልፍልፉን አስተካክሎ ሲያበቃ «ዓርብ ነው ያልሽው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሥራውን ቀጠለ። አባዬ ዝም ሲል ከማን ጋር እንደሆነ አይታወቅም።

በእማዬ አልፈርድም። እኛ ሰፈር «ካናዳ» ማለት ትምህርት አይደለም። የተሻለ ኑሮ ነው፣ ወረቀት ነው፣ ታናናሾችን መውሰድ ነው። አውቃለሁ። እኔም አንዳንዴ ያምረኛል። ግን ትምህርት ነው እየተባልኩ ሌላ ነገር መሸመት አልፈልግም። ወረቀት ከሆነ ወረቀት በሉኝ!

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

ዛሬ መርማሪ ሆንኩ።

ሄለንን በስልክ አገኘኋት፤ የቀጨኔ ልጅ ናት፣ አብረን ተምረናል። በዚሁ ኤጀንት በኩል እኔን የተቀበለኝ የካናዳ ኮሌጅ ከገባች ከዓመት በላይ ሆናት። ሮቤልን ደግሞ በቴሌግራም ግሩፕ ነው ያገኘሁት፤ ህንድ እኔ ያመለከትኩበት ክፍል ይማራል።

ሐበሻን «እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። «ተመስገን» ነው መልሱ። እግሩ ተቆርጦም «ተመስገን» ነው የሚልሽ። ስለዚህ በ«ተመስገን» የማይመለሱ ጥያቄዎች አዘጋጀሁ፦

ትናንት ምን ተማርሽ?
ስምሽን የሚያውቅ አስተማሪ አለ?
ስትታመሚ ማን መጣ?
እህትሽ እዚሁ ትምህርት ቤት ትምጣ ትያለሽ?

ሄለን በመጀመሪያው ጥያቄ ሳቀች። «ትናንት? ትናንት መጋዘን ነበርኩ፤ ካርቶን ሳሽግ።» ትምህርቱ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ ከስልክ መሸጫ በላይ ባለ አንድ ፎቅ ላይ። ሐይቁ ዳር የተነሳችው ያ ሁሉም የወደደላት ፎቶስ? «እሱ ሐይቅ የከተማው ነው፣ የኮሌጁ አይደለም።» ሦስተኛው ጥያቄ ላይ «ቀጣዩስ ምንድን ነው?» አለች። ጥያቄውን ዘለልኩት።

«አገሩ ክፉ እንዳይመስልሽ» አለችኝ በመጨረሻ። «ጓደኛዬ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ በጣም ደስተኛ ናት። ብቻ እሷ ትምህርት ቤት መርጣ ነው የመጣችው። እኔ የመረጥኩት አገር ነው።» ቀጥላ «ለእናቴ እንዳትነግሪያት፣ እ... ማለቴ፣ እናንተ ሱቅ ስትመጣ» አለችኝ። አልነግራትም። ግን ተናደድኩ። ሁላችንም ለእናቶቻችን ስንል ዝም እንላለን፤ ያ ዝምታ ደግሞ የሚቀጥለዋን ልጅ ይሸኛታል።

ሮቤል አላስዋበልኝም። ሙቀቱ ያሳብዳል አለ። አውቶቡስ ውስጥ ያፈጡብሻል፣ ፀጉሩን ሳያስፈቅዱ የነኩት አሉ። የሆስቴሉ ምግብ ለስድስት ወር ጨጓራውን አቃጥሎታል። «ትናንት ምን ተማርክ?» ስለው ግን ሊያቆም አልቻለም። ቤት የሚያናውጥ ጠረጴዛ አላቸው። ትንሽ ቤት ሠርተው ይጭኑበትና እንደ መሬት መንቀጥቀጥ ያናውጡታል። «የኔን ቤት ሰኞ አፈረሱት!» አለኝ፣ ሽልማት እንዳገኘ ሰው። ፕሮፌሰሯ ስሙን ታውቃለች፤ አጠራሩን ብቻ ታበላሸዋለች። ሲታመም ጎረቤቱ ናይጄሪያዊ ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሰው።

«እህትህ ትምጣ?»

«ትምጣ። በርበሬ ይዛ።»

አንድ ሮቤል መላው ህንድ አይደለም። ቢሆንም እኔ ቤቴ ሲፈርስ የምደሰትበት ቦታ ነው የምፈልገው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19

ዛሬ ጦርነት ነበር። ፓስፖርቴና ኦሪጅናል ዲግሪዬ ኤጀንቱ ጋ ናቸው፤ «ለጥንቃቄ» ብሎ ነው የያዛቸው። ሄጄ ስጠኝ አልኩት።

«እህቴ፣ ፋይልሽ ተልኳል። አሁን ማውጣት አይቻልም።»

«ፓስፖርት በኢሜይል አይላክም» አልኩት።

አለቃው ሲመጣ፣ ቁልፉ ሲገኝ፣ ነገ ተመለሺ... የማይለው የለም። «እሺ፣ እጠብቃለሁ» ብዬ ከባለጉዳዮቹ መሃል ተቀመጥኩ። ለመጣላት አልነበረም፤ እውነቴን ነው። አጠገቤ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ነበሩ። ዝም ከምል ብዬ ልጅቷን «ምን ልትማሪ ነው?» አልኳት።

«ካናዳ» አሉ እናትየዋ።

«ካናዳ ምን?»

«ካናዳ ነዋ!»

ልጅቷ ቀስ ብላ «ነርስ ነበር የፈለግኩት» አለች።

«ኮሌጁ ነርሲንግ ያስተምራል?» አልኩ። እሷን ነው የጠየቅኳት፤ ድምፄ ግን የሳይት ድምፅ ነው፣ ከሲሚንቶ ማደባለቂያ ጋር ሲፎካከር ያደገ። ክፍሉ ሁሉ ወደ ኤጀንቱ ዞረ። ወላይታ ሶዶ ድረስ ተጉዘው የመጡ አባት ደግሞ «እስቲ የኔስ ልጅ ምንድን ነው የሚማረው? እስካሁን አልጠየቅኩም» አሉ። ሌላዋ «ሕንፃው ስንት ፎቅ ነው?» አለች። እኔ አልነገርኳትም! በራሷ ነው የጠየቀችው።

ቁልፉ ወዲያው ተገኘ። ተአምር ነው።

ፓስፖርቴን ሲሰጠኝ «ትጸጸቻለሽ» አለኝ።

«ከተጸጸትኩም በራሴ ምርጫ ይሁን» አልኩት።

ደረጃውን ወረድኩ። ከታች ሙዝ ገዝቼ እዚያው ቆሜ በላሁ። ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

እማዬ መድፉን አመጣች፤ የንስሐ አባታችንን። እኔን እንዲመክሩ ነው። መስቀል አሳለሙን፣ ተቀመጡ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳቻቸው። ጃንጥላውንም አሳየቻቸው።

«አንቺ ወለተ ማርያም» አሏት፣ «ስትሳዪ ምን ብለሽ ነው? መንገዷን አቅኚላት ብለሽ ነው ወይስ አገር መርጠሽ?»

«አገር መርጬ ነው፣ አባ።»

«እንግዲህ እመቤታችን የጉዞ ወኪል አደረግሻት።»

አባዬ ሳቁን ለመደበቅ ሳለ። እማዬ ፊቷ ቀላ።

አባ ወደኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ልትማሪ ነው?» ነገርኳቸው፤ መሬት ሲናወጥ ቤት እንዳይወድቅ የሚያደርግ ነገር ነው አልኳቸው። ጥቂት አሰቡ። ቀጥለው ለእማዬ «ስለት የተሳለው ነው የሚከፍለው። እሷን ማስከፈል አይገባም። መቀበል አለመቀበሉ የልጅቷ፣ ጃንጥላው ያንቺ ነው» አሏት።

አባ ይደግፉኛል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። እማዬ ደግሞ በጭራሽ አልጠበቀችም። ተነስታ ወጥ ቤት ገባች።

አባ ከሄዱ በኋላ አባዬ ጠራኝ። «ስትታመሚ ማን ይጠይቅሻል?» አለኝ። የኔው ጥያቄ! ሮቤልን ልጠራ አሰብኩ፣ ናይጄሪያዊውን ልጠራ አሰብኩ። ሁለቱም የኔ ሰዎች አይደሉም።

«አላውቅም አባዬ።»

«ይሁን» አለ። «አውቃለሁ ብትዪኝ ዋሽተሽኝ ነበር። ላኪው።»

አጠገቡ ቁጭ ብዬ በስልኬ «እሺ» የሚለውን ተጫንኩት። ለካናዳው ኮሌጅም «አመሰግናለሁ፣ አልመጣም» ብዬ ጻፍኩ። እልል የሚል ሰው አልነበረም።

እማዬ አታናግረኝም። ምሳ አቀረበችልኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ፣ አይኔን ግን አላየችም። ብትጮኽብኝ ይሻል ነበር። ከፍቶኛል። ግን አልመልሰውም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ጠዋት ቀሰቀሰችኝ። የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳለች። ጃንጥላው በብብቷ ነው፣ ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል እንደተጠቀለለ። «ተነሺ፣ ነጠላሽን ልበሺ» አለችኝ። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

እስከ እንጦጦ ድረስ በሚኒባስ ሄድን። ወዴት እንደምንሄድ ይገባኛል፤ ምን ልትል እንደሆነ ግን አልገባኝም። ስለት ሲገባ በማይክ ይነገራል። ለምን እንደተሳልሽ፣ ምን እንደተደረገልሽ፣ ሕዝብ ሁሉ ይሰማል። የሰኔ ማርያም ደግሞ ናት፤ የሰፈራችን ሴቶች በሙሉ አሉ። እማዬ ሰኞ ለሁሉም «ካናዳ» ብላ ነግራለች። አሁን ምን ትላለች? ጃንጥላውን አስገብታ ዝም ትላለች ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ወይም «ካናዳ» ብላ ትዋሻለች ብዬ ፈራሁ፤ ማርያም ፊት፣ በኔ ምክንያት።

ቅዳሴ አለቀ። ስለት የሚያስገቡት ተሰለፉ። ምንጣፍ ያመጣ አለ፣ መጋረጃ ያመጣች አለች። የእማዬ ተራ ሲደርስ ማይክ በያዘው ሰው ጆሮ ረጅም ነገር ሹክ አለችው። ደግመሽ ንገሪኝ ያላት መሰለኝ፤ ደገመችለት።

«እህታችን ወለተ ማርያም ከሽሮ ሜዳ!» አለ በማይኩ። «ልጄ የምትወደውን ትምህርት ህንድ አገር ስላገኘችልኝ፣ ስለቴ ሰምሯል ብላ ጃንጥላ አምጥታለች። እልል በሉላት!»

እልልታው ከሩቅ ጀመረ። ከቅርብ ያሉት፣ የሰፈራችን ሴቶች፣ ትንሽ ዘገዩ። ከኋላችን ያለችው ጎረቤታችን ጨርቅ ሻጯ ደረቷን መታ አደረገች።

«ህንድ? ውይ በሞትኩት! ልጅቷን ምን አመማት?»

ህንድ ለሕክምና ካልሆነ ማን ይሄዳል? እማዬ ዞረች። ይሄን ፊቷን አውቀዋለሁ፤ ነጠላዋን በርካሽ ለሚጠይቋት የምታሳየው ፊት ነው።

«ምንም አላመማትም!» አለች፣ ማይክ ሳያስፈልጋት። «ራሷ መርጣ ነው! ልትማር ነው የምትሄደው፣ ልትማር!»

አሁን ቤት ነኝ። ቪዛው ገና ነው፤ ሊከለክሉኝም ይችላሉ። እሄድና ሙቀቱን፣ ምግቡን፣ የሚያፈጡትን ሰዎች ልጠላ እችላለሁ። እማዬ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልታረቀችኝም፤ ስንወርድ «ከመመለስሽ በፊት እንዳትደውዪልኝ» አለችኝ፣ ቀጥላ ደግሞ «በየቀኑ ነው የምትደውዪው» አለች። ብቻ በእንጦጦ ማርያም ግቢ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «መርጣ ነው» ብላለች። ከእንግዲህ ቢከፋኝ እንኳ «ተመስገን» አልላትም። እውነቱን ነው የምነግራት።