የወንድሜ ፎቶ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

እዚህ አሜሪካ፣ ከፌርፋክስ ቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን መጽሐፍ ጨረስኩ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከአሜሪካኖች ሁሉ ይበልጥ ፎቶ የተነሳው ከባርነት ያመለጠ ጥቁር ሰው ነው ይላል። ሌሎች መልኩን አጣመው እንዳይስሉት፣ ደጋግሞ ካሜራ ፊት ይቀመጥ ነበር።

የወንድሜ ፎቶ አንድ ብቻ ነበር። እሱ በተገደለ ሳምንት ደርጎች ቤት ሊፈትሹ ነው ሲባል ፈርቼ አቃጠልኩት። ባለቤቴ እንኳን ይህን ሳያውቅ ሞተ። አባቷን ላላየችው ለወንድሜ ልጅ ለሰላም ሁልጊዜ «ፎቶው ጠፋ» እላት ነበር። ዛሬ ወደምትኖርበት ሎንግ ቢች ደወልኩና እውነቱን ነገርኳት።

«ኦኬ፣ አክስቴ። ሶ... ምን ይመስል ነበር?»

«ግንባሩ ሰፊ ነው» አልኳት። ዓይኑን ልነግራት ስል አልመጣልኝም።

«አንቺን ይመስላል» አልኩ።

በዚህም እርግጠኛ አይደለሁም።